የጃርቱ ትልም

ወልዴ፣ የልጆቼ አባት፤

ከተለየኸን ሁለተኛው መስከረም ጠባ። ደህና ነን እንዳልልህ አንተን መዋሸት አልለመደብኝም። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህና ለሰው የማልተነፍሰውን ላንተ እጽፋለሁ፤ ስጨርስም እሳት ውስጥ እከተዋለሁ።

ሰፈራችን ቀራንዮ እንደምታውቃት አይደለችም። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች የነበረውን የጽድ ዱር ጣልያን ለካምፑ ጨፍጭፎ ጨረሰው። ድኩላው ተሰደደ፣ ጉሬዛውም የት እንደገባ እንጃ። መጠጊያ ያጣው ጃርት ሁሉ ወደ እኛ ጓሮ መጣ።

ትዝ ይልሃል፣ ድንች ስንተክል የዳሩን ትልም ለጃርት ትተውለት ነበር። እኔ ስነጫነጭ፣ የእሱን ካልነካንበት የእኛን አይነካም፣ እሱም የእግዜር ፍጡር ነው ትለኝ ነበር። ጸጉሬን የምከፍልበትን እሾህም ከዚያው ትልም ለቅመህ ነው ያመጣህልኝ። በኋላ መሳሪያ አስረክቡ ሲባል፣ ማንም አይቆፍረውም ብለህ ምንሽር ጠመንጃህን በቆዳ ጠቅልለህ እዚያው ቀበርከው። አይ ያንተ ብልጠት! ጃርት ራሱ ቆፋሪ መሆኑን እንዴት ረሳኸው?

ሰኔ ላይ ከጃርቱ ጉድጓድ አፍ የቆዳው ጫፍ ብቅ ብሎ አየሁ። አፈር በእጄ መለስኩበት፤ በነጋታው ጃርቱ እንደገና ገለጠው። አውጥቼ ሌላ ቦታ እንዳልቀብረው ለጣልያን ያደሩት ባንዳዎች በአጥራችን ሥር ሲወጡ ሲወርዱ ይውላሉ። ጠመንጃ የተገኘበት ሰው ቤቱ ይቃጠላል፣ እሱም ይሰቀላል። ልጆቹ አያውቁም፤ እንዲያውቁም አልፈልግም።

በዚህ ላይ ጎረቤታችን ሸምሱ እንሰቱን ጃርት በላበት። ዶማውን ይዞ መጣና፣ እትዬ ዘነበች፣ ይህን ጉድጓድ ቆፍሬ ጠላትሽን ላውጣልሽ አለኝ። ባለቤቴ ሲሞት አይነካ ብሎ አደራ ጥሎብኛል ብዬ ከለከልኩት። ሀዘን አእምሮዬን የነካው መስሎት ራሱን እየነቀነቀ ሄደ፤ ግን ተመላልሶ መምጣቱን አልተወም። ክፉ ጎረቤት ዕቃ ያስገዛል ይላሉ፤ ደግ ጎረቤት እንዲህ እንደሚያስፈራ ግን አላውቅም ነበር።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ጉድጓዱ የለም። ድንጋይ ተነጥፎበት፣ በላዩ አፈር ተደልድሎ፣ የእንሰት ችግኝ ተተክሏል። ሸምሱ እጁን እየታጠበ ነበር። ጃርቱን አልነካሁትም፣ በወንዙ በኩል ሌላ በር አለው አለኝ። ዶማውን አንስቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ጠመንጃውን አይቶት ይሆን? እንዳልጠይቀው፣ ካላየ መንገሬ ነው። ጠዋት ጠዋት እንዴት አደርሽ ሲለኝ ዓይን ዓይኑን አያለሁ፤ እሱ ግን ወደ መሬት ይመለከታል። አይቶ ከሆነ በእኛ ጦስ እሱም ከነልጆቹ ሊጠፋ ነው። ፈርቻለሁ ወልዴ፣ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ትናንት ከወንዙ ማዶ ያሉት ቤቶች ተፈተሹ። ባለቤቶቹን እየገረፉ ነው አሉ የሚጠይቋቸው። ነገ የእኛ ተራ ነው ይባላል።

አንተን አልረሳህም። ድምፅህን፣ አሳሳቅህን፣ ለአውሬ እንኳ የሚራራውን ልብህን እስክሞት ይዤው እኖራለሁ። ያቺን አንዲት ቦታ ብቻ፣ ሲገርፉኝ ከአፌ እንዳትወጣ፣ እንድረሳት ለምንልኝ።