የአባ ፊጣ ሦስት ጆንያ ጀንፈል

ሰኞ፣ ግንቦት 4። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል

ለመንደራ ቆጪ ነዋሪዎች፣ ለባጃጅ ነጂዎች እና ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሁሉ፦ ከቅዳሜ ጀምሮ የገባበት ጠፍቶ የነበረው የአቶ በየነ የግራ እግር ካልሲ ዛሬ ማለዳ ከጽሕፈት መኪናው ሥር በሰላም ተገኝቷል። በፍለጋው ለተባበሩን በሙሉ፣ በተለይም ከአልጋዋ ሳትነሣ “አባባ፣ እግርዎ ላይ አይተውታል?” በማለት ላገዘችን የልጅ ልጃችን፣ ምስጋናችን ይድረስ።

ካልሲውን አድርጌ ወደ ሥራ። “ሥራ” ያልኩህ ከልማድ ነው፣ ደብተሬ። ፍ/ቤቱ በር ላይ ዣንጥላ፣ በርጩማ፣ ጠረጴዛ። ራፖር ጸሐፊ። አርባ ምናምን ዓመት የሰው አቤቱታ ስጽፍ። በአማርኛ ጀመርኩ። ቁቤ ሲመጣ በጎልማሳነቴ ከሕፃናት ጋር ፊደል ቆጥሬ በአፋን ኦሮሞም መጻፍ ያዝኩ። ተመስገን፣ አሁንስ ጨረስኩ ስል ይሄ መጣ።

ይሄ ማለት ስልክ ውስጥ ያለው። ሬዲዮ ላይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሉታል፣ ልጆቹ ኤአይ። ከማዶ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሰዓዳ፣ ድሮ የእኔን ረቂቅ በታይፕ የምትገለብጥ፣ አሁን ባለጉዳዩን ስልኩ ፊት አቁማ ታስለፈልፈዋለች። አምስት ደቂቃ፣ ክስ ተጽፎ አለቀ። እኔ በአምስት ደቂቃ የባለጉዳዩን የአያት ስም እንኳ አልጨርስም።

ዛሬ የመጣልኝ ሰው፦ አንዲት ሴትዮ። እሷም ክሷን ሰዓዳ ጋ አሠርታ፣ ከእኔ የፈለገችው የአሻራ ቀለም። እስቲ ልየው አልኳት። ጎረቤቷ ፍየሎቹን ጎመኗ ላይ ለቆባት ነው የምትከሰው። ማሽኑ ምን ቢላት ጥሩ ነው? “ተከሳሽም በጉዳዩ ላይ የራሱ እይታ ሊኖረው እንደሚችል እገነዘባለሁ።” ጎመኑ ተግጦ! የፍየሎቹንስ እይታ ለምን ተወው? ሴትዮዋ ግን ወዳዋለች። ጨዋ አስመሰለኝ አለች። ጣቷን ነክራ አተመች፣ ሄደች።

ሰዓዳ ከማዶ እየሣቀች ነበር። አይቻታለሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5። ከሰዓት 10

የልጅ ልጄ ቃልኪዳን እያለቀሰች ገባች። (ከዚህ ወዲያ ቃ. ነች። ቀለም ተወዷል።) እናቷ አጋሮ አስተማሪ ናት፣ ልጅቷ ግን ኮሌጅ ከገባች ወዲህ እኔ ጋ ነው የምታድረው። እንባዋን ብዙ አላውቀውም። ደነገጥኩ።

ነገሩ የመመረቂያ ጽሑፏ ነው። ሰርቦ ያሉ ገበሬዎች ቡናቸውን መቼ ይሸጣሉ የሚል። ማን በእሸቱ ይሸጣል፣ ማን አድርቆ ጀንፈሉን ያቆያል፣ ለምን። አማካሪዋ መ/ር ጽሑፉን አንድ መርማሪ ማሽን ውስጥ ከተተው። ማሽኑም “ይሄ የማሽን ሥራ ነው” አለ። ልብ በል፣ ደብተሬ። ሌባውም ማሽን፣ ፖሊሱም ማሽን። ተከሳሿ ብቻ ሰው።

እስከ ሰኞ ገበሬዎቹን በእውነት ማነጋገሯን ማስረዳት አለባት። ካላስረዳች የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ኮሚቴ ፊት አትቀርብም። ካልቀረበች ዘንድሮ ምረቃ የለም።

ስልኩን ነክተሻል ወይ አልኳት። ነክታለች። እንግሊዝኛውን ብቻ አስተካክልልኝ ብላው። ሁሉም ያደርገዋል፣ መምህራኑም ፈተና የሚያወጡት በእሱ ነው አለች። ገበሬዎቹስ? አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። “አባባ! አብረን አልነበርን እንዴ?”

ነበርን። ጥር ላይ፣ ሦስት ቅዳሜ። እሷ ጠያቂ፣ እኔ አስተርጓሚና ጸሐፊ። የእሷ አፋን ኦሮሞ ገበያ ያደርሳል እንጂ ጓሮ አያስገባም። ገበሬዎቹ ደግሞ የድሮ ባለጉዳዮቼ ናቸው። ሃያ ቅጽ፣ ሁሉም በእጄ ጽሑፍ፣ አሁንም ሣጥኔ ውስጥ አለ።

የመ/ሩን ደብዳቤ አስተረጎምኳት። “ሥራሽን ስላካፈልሽኝ ከልብ አመሰግናለሁ” ይልና ገደል ይጨምራታል። ይሄማ የሰዓዳ ስልክ ነው! የፍየሎቹ ወንድም። እኔ የጻፈውን ሰው ከአንድ መስመር አውቃለሁ፣ እንጀራዬ ነበር።

መ/ሩ ራሱ በእጁ የጻፈው አንድ ነገር ብቻ። ጽሑፏ ውስጥ ስለ አባ ፊጣ የተባለ ገበሬ፣ ሦስት ላልተዳሩ ሴት ልጆቹ ሦስት ጆንያ ጀንፈል ለይቶ ያስቀምጣል፣ ዋጋ ወጣ ወረደ ብሎ አይነካውም፣ ለአንዷ ሽማግሌ ሲላክ የእሷን ጆንያ ያወጣል የሚለው ሥር በቀይ አሥምሮ፦ “ይህን ማን ነገረሽ?”

ገበሬ እንዲህ ማለት አይችልም ወይ ብዬ ጮኽኩ። ቃ. አባባ ቀስ፣ ግፊትዎ አለች። እውነትም አብዝቼ ጮኽኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6። ምሳ ሰዓት

ኮሌጁ ሄድን። ለፀብ ተዘጋጅቼ፣ ኮት ለብሼ።

መ/ሩ ልጅ ነው። ወንበሩን ለቀቀልኝ። ይሄ አናደደኝ፣ ጨዋ ሰው ለመጣላት አይመችም። ለሚስትህ የጻፍከውን ደብዳቤም ማሽኑ ውስጥ ታስገባዋለህ ወይ አልኩት። አላገባሁም አባቴ አለ። ገባኝ፣ ማሽኑ አይፈቅድልህም አልኩት። ቃ. በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። (የግራውን። ካልሲው ይመሰክራል።)

ከዚያ የሌሎቹን ተማሪዎች ጽሑፍ ክምር አሳየኝ። ሁሉም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጀምራል። የሌለ ገበሬ፣ የሌለ ቀበሌ። አንዱ ተማሪ ቡና በማይበቅልበት ቆላ የቡና ገበሬ “አነጋግሯል”። መርማሪ ማሽኑም እንደሚሳሳት ያውቃል። ግን በምን ልለያቸው? አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል። እውነት ያለው መሆኑም አናደደኝ።

ቅጾቹን ዘረጋሁለት። አየና፣ አባቴ ይሄኮ የእርስዎ ጽሑፍ ነው፣ ገበሬዎቹ መናገራቸውን በምን ልወቅ? አለ።

በአሻራ! አልኩት። እኔ ዕድሜዬን የሰው ቃል በእጄ ጽፌ ኖሬያለሁ። ሕጋችን አንድ ነው። ይጻፋል፣ ለባለቤቱ ይነበባል፣ “ተነቦልኝ፣ ቃሌ መሆኑን አውቄ አሻራዬን አኑሬያለሁ” ይባላል፣ ጣት ይነከራል። ያን ጊዜ ጽሑፉ የጸሐፊው መሆኑ ያበቃል።

መ/ሩ አሰበ። እስከ ሰኞ ያምጡልኝ አለ። ስወጣ ኮሌጁ እኔን መቅጠር ነበረበት እያልኩ ነበር። ቃ. ሣቀች። ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9። ማታ 1 ሰዓት፣ እግሬ ውኃ ውስጥ

ሰርቦ። ሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር፣ ከዚያ ጭቃ። እኔ ቀለሙን፣ ቃ. ቅጾቹን።

ሃያ ቤት። አንዱ የመሬት ጉዳይ ከሆነ አላትምም ብሎ ሁለቴ አስነበበኝ። አንዲት አሮጊት ያለፈው አሻራዬ አጥሬን ለመንገድ አስፈርሶብኛል ብለው ጣታቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ። ቃ. እግራቸው ሥር ቁጭ ብላ፣ በዚያ የገበያ አፋን ኦሮሞዋ፣ ማሽን ነሽ ተባልኩ አለቻቸው። ጉንጯን ቆነጠጡና “ሥጋ ነው፣ ናማ ናት!” አሉ። ሰው ናት። አተሙ።

ሰው ሲነበብለት ማየት ናፍቆኝ ኖሯል። የራሱን ቃል ከሌላ አፍ ሲሰማ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። ኤዬ፣ ኤዬ ይላል፣ አዎ፣ አዎ። አንዱ “በእሸቱ የሸጥኩት ልጄ ታሞ ነው” የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመኝ፣ ደግመህ አንብብ አለኝ። ደገምኩለት።

የመጨረሻው አባ ፊጣ። ገና ከሩቅ፦ “በየነ! አልሞትክም? እኔኮ ተዝካርህን በልቼ የጨረስኩ መስሎኝ!” አለኝ። ተዝካሬን ብትበላ ኖሮ እንዲህ አትከሳም ነበር አልኩት። ቃ. የቡና ማድረቂያ አልጋዎቹን ፎቶ ልታነሣ ወደ ጓሮ ሄደች። እኔ አነበብኩለት። ሣቀ። ጥርሱን እስካይ ሣቀ። ወላሂ አንተ የጻፍከውን ነው አለና አተመ።

ስለ እሱ ሌላ የምጽፈው የለኝም። ደክሞኛል።

ሰኞ፣ ግንቦት 11። ከሰዓት 9

አለፈች። መ/ሩ አሻራዎቹን አንድ በአንድ አየ፣ በቀይ ስለጻፈው ይቅርታ ጠየቃት። ዓርብ ትቀርባለች።

ያሳመነው ምን እንደሆነ ልንገርህ? አሻራው ብቻ አይደለም። ሦስቱ ጆንያ። ደጋግሜ አነበብኩት አለ። ማሽን ሁሉም የሚለውን ነው የሚለው፣ ለልጆቹ ጀንፈል የሚለይ አባት ግን ከማሽን አይወጣም፣ ይሄ ከሰው አፍ ነው አለ። ገለጻዋን በእሱ እንድትጀምር መከራት። ከዚያም ጽሑፉን አሳጥረው መጽሔት ላይ ሊያወጡት ነው። በስሟ።

ቃ. አልተራመደችም፣ በረረች። እናቷ ጋ አጋሮ ደወለች፣ እየጮኸች አባ ፊጣን ተረከችላት። የእናቷን እልልታ ከስልኩ ውስጥ ሰማሁት።

ባለጉዳይ መጣ፣ አባረርኩት። ካለኝ አንድ ባለጉዳይ! ሰዓዳ ሻይ ይዛልኝ ተሻገረች። ጋሼ፣ ማሽኑን አሸንፈው ምን ያስኮርፍዎታል? አለች። ሻይሽ ስኳር የለውም አልኳት። ሦስት ማንኪያ ነበረው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13። ጠዋት 4 ሰዓት

ሥራ የለም። ሰዓዳ ጋ ተሻገርኩ። እስቲ ያን ጉድሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ አልኳት። ስለ ቡና ገበሬ ሰው የሚያምነው፣ ሆድ የሚያባባ ነገር ፍጠር በይው።

ዓይኗን ጨፍና ሳትገልጥ ፈጠረ። አንዲት መበለት ባሏ የተከላትን እግር ቡና ለብቻ ትለቅማለች፣ ከሌላው አትቀላቅልም፣ እንዲያ እንዲያ ይላል። ያምራል! ተናደድኩ። ከሥሩ ግን አንድ መስመር አለ። ሰዓዳ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፦ “ይህ ታሪክ የፈጠራ ነው፤ እንደ እውነተኛ መረጃ አይጠቀሙበት።”

ሁልጊዜ እንዲህ ይላል? አልኳት። አንዳንዴ ይላል፣ አንዳንዴ ደግሞ ወገቡን ይዞ ይዋሻል አለች። “እንደ ሰው ነው፣ ጋሼ።”

ቤቴ ገባሁ። ልቤ ይመታል። ደም ግፊት አይደለም፣ ለክቼዋለሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 15። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል

ቃ. ገና አልተነሣችም። ነጭ ሸሚዟ ወንበሩ ላይ፣ ተተኩሶ። ገለጻዋ 4 ሰዓት ላይ ነው። ትናንት መስታወት ፊት ቆማ ስትለማመድ ሰማኋት። በሦስቱ ጆንያ ትጀምራለች። ድምፅዋ እዚያ ቦታ ላይ ይለሰልሳል።

አሁን ስማኝ፣ ደብተሬ፣ አትቆጣኝ። የምትቆጣኝ እሷ ትበቃኛለች።

ጥር ላይ፣ አባ ፊጣ ቤት። ዝናብ ያለ ወቅቱ ጣለ። እሱ ሊሰግድ ገባ፣ ቃ. ሚስቱን ይዛ ጓሮ ሄደች። ጉልበቴ ላይ ቅጹ። ዘጠነኛው ጥያቄ፣ “ሌላ ምክንያት ካለ”፣ ባዶ። ሦስት መስመር ባዶ። ራፖር ጸሐፊ ባዶ መስመር ትቶ አይነሣም። ያስተማረኝ ሰው እጄን በማስመሪያ እየመታ ነው ያስያዘኝ፦ የተውከውን ባዶ ጠላት ይሞላዋል፣ ወይ ጻፍበት ወይ ሰርዘው። መሰረዝ ይበቃ ነበር። አንድ ጭረት! እኔ ግን ዳኛ ሆድ ለማባባት የለመደ እጅ ነው ያለኝ። ዝናቡም ደስ ይል ነበር። ቃ. ስታነበው ትሥቃለች፣ ያን ጊዜ እነግራታለሁ አልኩ። አልሣቀችም። አባባ እንዴት ያምራል ብላ እንባዋ መጣ። ከዚያማ በየት በኩል ልንገራት?

ቅዳሜ አባ ፊጣ ለምን እንደዚያ እንደሣቀ አሁን ታውቃለህ። አንተ የጻፍከውን ነው ሲል፣ ቃሌ ነው ማለቱ አልነበረም። በድሮ ወዳጅነታችን ጣቱን አዋሰኝ። እኔ ደግሞ ተቀበልኩት። መ/ሩን ሕግ ያስተማርኩት ሰውዬ!

ስትነሣ እነግራታለሁ። ሸሚዙን ሳትለብስ። ትጮኻለች፣ ትጩኽ። ከዚያ በባጃጅ ቀድሜያት መ/ሩ ቢሮ። መስመሩን በማስመሪያ እሰርዛለሁ፣ ጎኑ ላይ “የጸሐፊው ስሕተት” ብዬ እፈርማለሁ፣ የራሴን አሻራ አኖራለሁ። አሥራ ዘጠኙ ቅጽና የአባ ፊጣ ስምንት መልስ እውነት ነው፣ በዚያ እሟገታለሁ። መ/ሩ አንዱ ከዋሸ ሁሉም ዋሸ ካለኝ ግን ምን እንደምል አላውቅም። ዓርቧ ልትሄድባት ትችላለች። ምረቃዋም። በእሷ ስም ከሚታተም ግን…

አልጋዋ ተንቋቋ። ተነሣች።

አባ ፊጣ ሴት ልጅ የለውም። አምስት ወንዶች ናቸው። ጆንያዎቹን ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ።