የየኔታ የቀኝ ኩላሊት

የካቲት 25

መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ። ነፋስ መውጫ ላይ የማይቋረጠው ነፋሱ ብቻ ነው። በአልትራሳውንድ አሥራ አንድ ሰው አየሁ። ስምንቱ እርጉዝ።

የንስሐ አባቴ የኔታ ገብረ ሚካኤልም ከገጠር፣ ከቤተ ልሔም መጡ። ባለቤታቸው እትዬ ታደለች ደግፈዋቸው። ቀኝ ጎናቸውን ይዘው፣ ላብ በላብ ሆነው... ዶክተር ጣሰው የኩላሊት ጠጠር ጠርጥሮ ነው ወደ እኔ የላካቸው። ከኩላሊት የሚወርደው ቱቦ ፊኛ ውስጥ በሚገባበት አፍ ላይ የተቀረቀረ ጠጠር የሚታየኝ ፊኛው ሲሞላ ነው። ውሃ ይጠጡ አልኳቸው።

"በሁዳዴ? ገና በጧት? ተይ ልጄ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም።"

እትዬ ታደለችም፣ "ኧረ መኪናው ያመልጠናል" አሉ።

እኔስ? አፈርኩ። የንስሐ አባቴን ጾም ይፍቱ ልበል? በባዶ ፊኛ አየሁ። ኩላሊቱ አላበጠም። ጠጠር የለም ብዬ ጻፍኩ። ኤክስሬዩም ንጹህ። ደስ አለኝ።

የካቲት 26

እስከ ዘጠኝ ቆይተው፣ ጠጥተው፣ እኔ ቤት አድረው ቢሄዱስ ኖሮ? ምን ነበር አፌን የያዘው? ደግሞ ሁለት መሣሪያ ይሳሳታል? ተይ ሰርካለም፣ አታካብጂ።

መጋቢት 20

እትዬ ታደለች ለገበያ መጡ። ቆሎ ይዘውልኝ። "ሕመሙ እኮ ተዋቸው! ያንችን ወረቀት ለሰው ሁሉ ነው የሚያሳዩት።" ተመስገን። ሲከነክነኝ የነበረው ነገር ለቀቀኝ። ቆሎውን ለባልደረቦቼ አዳረስኩ።

ሚያዝያ 24

የኔታ በትኩሳት እየተንቀጠቀጡ መጡ። ፋሲካ ስላለፈ ያለ ክርክር ጠጡ። ፊኛው ሞላ።

እዚያው ነበር። ፊኛው አፍ ላይ። ኩላሊቱ እንደ ቅል አብጧል፣ ሥጋው ሳስቷል... ሕመሙ የተዋቸው ድነው አልነበረም። ኩላሊቱ ሥራ ስላቆመ ነው።

ያን ቀን ለምን አላበጠም? ውሃ የጠማው ሰው ኩላሊት ቱቦው ተዘግቶም ላያብጥ ይችላል። ተምሬዋለሁ እኮ! ፈተና ላይ መልሼዋለሁ።

ሚያዝያ 30

ባሕር ዳር ሲቲ ስካን ተነሡ። ዶክተር ጣሰው ውጤቱን አሳየኝ። ሰባት ሚሊ ሜትር። ኤክስሬይ የማያሳየው ዓይነት ጠጠር ነው፣ ጨረሩ አልፎት ይሄዳል። ሲቲ የሚያመልጠው ግን እምብዛም ነው። "ያኔውኑ ሲቲ ብንልካቸው ኖሮ..." አለ። ሊያጽናናኝ ነው። አላጽናናኝም። ክሊኒካችን ሲቲ የለውም፣ እውነት። ውሃ ግን ነበረን።

የባሕር ዳር ሐኪሞች የቀኙ አይመለስም ብለዋል። በግራው ብቻ ነው የሚኖሩት።

ግንቦት 12

ቤተ ልሔም ሄድኩ። ንስሐ መግባት አለብኝ። ለማን? ለራሳቸው ለየኔታ! መንገዱን ሁሉ ልመለስ፣ አልመለስ ስል ደረስኩ።

መስቀላቸውን ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። ያላየሁትን ቦታ እንዳየሁ አድርጌ መጻፌንም። ቀና አሉ።

"ውሃውን እምቢ ያልሁት እኔ ነኝ።"

"እርስዎማ አያውቁም ነበር። የማውቀው እኔ ነኝ።"

"እሱስ ልክ ነሽ" አሉ።

ከዚያ "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ብለው ባረኩኝ። ብዙ ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ነበር። "ጾመኛን አትፍሪ" ብቻ አሉኝ። አለቀስኩ።

ሰኔ 9

የሰኔ ጾም። አንድ መሪጌታ ሆዳቸውን ይዘው መጡ። "ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠጥተው ይመለሱ" አልኳቸው። አጉረመረሙ። ያጉረምርሙ።

ነሐሴ 7

ለፍልሰታ ቤተ ልሔም ነኝ። ቅዳሴ ሲጀመር ከቀዳሾቹ መሃል የኔታን ፈለግኳቸው። የሉም። ቀኑን ያለ ውሃ እንዳይውሉ ሐኪም አዟል። ውሃ የጠጣ ደግሞ አይቀድስም። ጾማቸውን አከበርኩ ብዬ ጾሙንም ቅዳሴውንም አሳጣኋቸው። እሳቸው ፈትተውኛል፣ እኔ ግን ራሴን መፍታት አቃተኝ።

በኋላ ከወንዶቹ መሃል፣ ምሰሶ ተደግፈው አየኋቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ እሳቸው ከመቅደስ ሲያዜሙ ሕዝቡ ሲቀበላቸው ኖሯል። ዛሬ ሌላ ቄስ አዜሙ። የኔታ ከእኛ ጋር ቆመው ዜማውን ተቀበሉ።