ለሩስያ የምሞተው ሞት

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1917
ዛሬም ደመና። የስቱዲዮው ጣሪያም ግድግዳም መስታወት ነው፤ ፀሐይ ከሌለች ሥራ የለም። ተኳኩለን ቁጭ። በፊልሙ ባሌ የሆነው ሲግቫልድ ጥቁር ዳቦውን በዓሣ በልቶ አንኮራፋ። እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ውሌ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ ስለ ማደስ ትንፍሽ ያለ የለም። ለምን?

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 5
ገባኝ። እስከ ዛሬ ለአንድ ፊልም ሁለት መጨረሻ ነበር የምንሠራው። እዚህ አገራችን፣ ለኮፐንሃገን፣ እድናለሁ፣ እስቃለሁ። ለሩስያ እሞታለሁ፤ እዚያ በሳቅ ያለቀ ፊልም የሚገዛ የለም። አሁን እዚያ አብዮት ሆነ፣ ፊልም ገዢውም ጠፋ። ዳይሬክተራችን ማልተ ዛሬ ቁርጡን ነገረን፤ ከእንግዲህ ሳቁ ብቻ። ለሳቅ ደግሞ አዲሷ ተዋናይት ኤባ አለች... ገና ሃያ ዓመቷ።

እኔ የምችልበት ሞቱን ነው። ግን ካገሬ ሰው ማን አይቶት ያውቃል?

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 6
እራት እህቴ ቲራ ጋ። ስለ ውሉ ነገርኳት። ከስፌቷ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ሥራሽ እንደሆነ መሳቅ ነው፤ ሌላም ቦታ ይሳቃል» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ሳልሰናበታት ወጣሁ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 10
ፀሐይ ወጣች። የመጨረሻው ትዕይንት። ያልተቀረፀበት ፊልም በጦርነቱ ሰበብ ከስኳር ብሶ ጠፍቷል፤ ማልተ አንዴ ብቻ ነው የምንቀርፀው ብሎ አስጠነቀቀን። ከባሕር አውጥተው አልጋ ላይ አስተኝተውኛል። ሲግቫልድ ሲያቅፈኝ ዓይኔን ገልጬ መሳቅ ነበረብኝ።

አልገለጥኩም።

አስቤበት አይደለም... ወይስ አስቤበታለሁ? አንገቴን ለቀቅኩት። ሲግቫልድ በሹክሹክታ «ኧረ ሲኜ፣ ተነሺ፣ ምን ነካሽ?» ይለኛል። ኋላ የምሩን ፈራ መሰለኝ፣ ይነቀንቀኝ ጀመር። እንባው ፊቴ ላይ ጠብ አለ። ማልተ ይጮሃል፣ ድምፅ የማይቀርፀው ካሜራ ይዞራል። ካሜራው ውስጥ ያለው ፊልም አለቀ።

ማልተ አጠገቤ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የእንጀራ ገመድሽን በገዛ እጅሽ በጠስሽው።»

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 29
ውሉ አልታደሰም። ሁለት መስመር ደብዳቤ። ስድስት ዓመት ሠርቼ!
እንደገና የሚቀርፁበት ፊልም ስላጡ፣ የሞትኩበትን እንዳለ ሊያሳዩት ነው አሉ። ሰዉ ቢያፏጭስ? ቢስቅብኝስ? እንዲያው ምን አቀበጠኝ...

እሑድ፣ ኖቬምበር 18
ማክሰኞ ፊልሙ ሲታይ አብራኝ እንድትመጣ ቲራን ለመንኳት። ስፌት አለብኝ ብላ ስታንገራግር ቆይታ እሺ አለች።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 20
ታየ። ከኋላ ተቀመጥን። ሲግቫልድ ሲያቅፈኝ ፊልሙን የሚያጅበው ፒያኖ መቺ ደስ የሚል ዜማ ጀምሮ ነበር፤ ቀና ብሎ አየና እጁን ከፒያኖው አነሳ። ያፏጨ የለም፣ የሳቀ የለም። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አወለቀ።

በዚያ መሃል ቲራ በጨለማው ክንዴን ያዘችኝ። ጣቷ ወደ ታች ወርዶ የሆነ ነገር ይፈልጋል... የእጄን የደም ሥር ትርታ። አጠገቧ ተቀምጬ እየተነፈስኩ! አገኘችው። መብራት እስኪበራ ድረስ አልለቀቀችኝም።