ሟቹ ባለቤቴ በእኔ ክንድ ስላሻሻለው ሃንዲካፕ

ለተከበሩ የጎልፍ ክበባችን የሃንዲካፕ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ አይጉበጥ፣ ዓይንዎም አይፍዘዝ እያልኩ እመኛለሁ፤ በተለይ ዓይንዎ። እኔ በሰባ ሦስት ዓመቴ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ አሥራ አራት ወር ሆነው። ቀብሩ ላይ ቆመው ስላዘኑለት ዛሬም አመሰግናለሁ።

ሃንዲካፕ ማለት፣ ለማያውቁ አንባቢያን፣ ደካማው ተጫዋች ከብርቱው ጋር እኩል ይወዳደር ዘንድ ከምቱ ላይ የሚቀነስለት ቁጥር ነው፤ ሰውዬው እየጎበዘ ሲሄድ ቁጥሩ ያንሳል። ለማግኘት ሃምሳ አራት ጉድጓድ፣ ማለትም ሦስት ሙሉ ዙር ተጫውቶ፣ ምቱን ሳይሰርቅ ካርድ ላይ ጽፎ፣ አብሮ የተጫወተ ምስክር አስፈርሞ በክበቡ በር ላይ ካለው ሣጥን መክተት ነው። ቀሪውን ኮሚቴዎ ያሰላል። ቅሬታዬም ከዚሁ ስሌት ይጀምራል።

፩ኛ. ባለቤቴ ታሞ ሳለ፣ በቅዳሜው ዓመታዊ ውድድር አንድ ጊዜ እንኳ በራሴ ስም እንድጫወት ቃል አስገባኝ። ቃሌን ለመሙላት ሦስቱን ዙር ተጫወትሁ። ምስክሬ ጡረተኛዋ አዋላጅ ጎረቤቴ ናት፤ እስትንፋስ ያለውን ከሌለው ስትለይ አርባ ዓመት የኖረች ሴት። ስሜን በጉልህ ጻፍሁ። ነገር ግን ክበባችን ሚስትን በባሏ የአባልነት ቁጥር ስለሚመዘግብ፣ ከስሜ ሥር ያለችኝን ብቸኛ ቁጥር፣ አርባ አንድን አኖርሁ። ጽሕፈት ቤትዎም ስሜን ዘልሎ ቁጥሩን አነበበ።

፪ኛ. ማክሰኞ ጠዋት ከማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆሜ የባለቤቴን ስም አየሁ። በሕይወቱ ሃንዲካፑ ከሃያ ስምንት ወርዶ የማያውቀው ሰው ሃያ አምስት ገብቷል። ሞት እንዲህ ያጎብዛል ብዬ አልጠረጠርሁም ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ቤቴ ገብቼ ኮፍያዬን ሳላወልቅ ከአልጋው ሥር ያለውን የመጫወቻ ጫማውን አወጣሁ፤ ሶሉ ላይ ሣር ይኖር እንደሆነ አገላብጬ አየሁ። በማግሥቱም አየሁ። ደረቅ ነው። ይህን ሁለት ጊዜ ስላስደረጉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፫ኛ. ጸሐፊዎ፣ እማማ ካርዶቹ የአባባ ናቸው፣ ኮምፒዩተሩ ስም አያነብም ብለው በትሕትና አስረዱኝ። የራሴ የአባልነት ቁጥር እንዲወጣልኝም ዋናው አባል በአካል ቀርበው መፈረም አለባቸው አሉ። ያለ ቁጥር ሃንዲካፕ የለም፤ ያለ ሃንዲካፕም ቅዳሜ የለም። ዋናው አባል ያሉበትን እርስዎም ያውቁታል፤ አፈር ሲለብሱ አብረን ነበርን።

የምለምነው ትንሽ ነው፤ ሦስቱ ካርዶች ወደ ስሜ ይመለሱ፣ እርሱም ይረፍ። ሙታንን ከአባልነት ላለመሰረዝ ለሚያሳዩት ታማኝነት ግን አድናቆቴ የላቀ ነው፤ ለሕያዋንም ጥቂት ቢተርፍልን መልካም ነበር።

ምቷን የማትሰርቅ፣ ለጊዜው ቁጥር የሌላት አክባሪዎ፣
የቁጥር አርባ አንድ መበለት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የቅዳሜው ተጫዋቾች ዝርዝር ተለጥፎ አየሁ። ባለቤቴ በሦስተኛው ምድብ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል። እኔም የጎልፍ ዱላዬን ይዤ እገኛለሁ። ስሙ ሲጠራ አቤት የሚል ከተገኘ፣ እባክዎ ኳሱን ከመምታቱ በፊት አንድ አፍታ ያቆዩልኝ፤ ያላወራነው የአሥራ አራት ወር ወሬ አለን። አቤት የሚል ከጠፋ ግን የምመታው እኔ ነኝ፤ በካርዱ ላይ የማንን ስም እንደሚጽፉ እስከዚያ ያስቡበት።