ሎሚ የዘፈነችው

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ደመና ብቻ፤ ዝናብ የለም። ቀኑን ሙሉ ማመልከቻ ስተይብ ዋልኩ። ሦስት የውርስ፣ ሁለት የፍቺ፣ አንድ የአጥር ክርክር። ፍርድ ቤቱ ለምሳ ሲዘጋ ሱቄ ጭር ይላል። ያኔ ነው ትንሿን የሙዚቃ ኪቦርድ ከጠረጴዛው ስር የማወጣት። ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ሃያ ደቂቃ ነካ ነካ...

ፊራኦል ደወለ። ቅጂውን የሚያቀናብርልኝ እሱ ነው፣ ከስድስት ዓመት በፊት የመጀመሪያውን ዘፈኔን ከለቀቅን ጀምሮ። "ስምንቱም ዘፈኖች አልቀዋል፤ 'ጃንጥላ' ግን ጎዶሎ ነው። ሁለት ቤት ዘፍነሽ ጥለሽ ትወጫለሽ። ሦስተኛ ጻፊለት እንጂ፣ ፀዲ።" አልመጣልኝም አልኩት። ሳቀብኝ።

አልመጣማ። ሌሎቹ ሳልጠራቸው ነው የመጡት። ቁጭ እላለሁ፣ እጄን ቁልፎቹ ላይ አሳርፋለሁ፣ እሰማለሁ። የሰማሁትን እጫወታለሁ። ለሬዲዮ ጋዜጠኛዋ ይህንኑ ብነግራት "ተሰጥኦ ነው" አለችኝ። እንጃ።

አልበሙ ሰኔ 14 ይወጣል። ፖስተሩ ላይ ትከሻው ሰፊ የሆነውን ሰማያዊ ጃኬቴን ለብሻለሁ። ከስሩ በትልቁ፦ ፀዲ ኦርጋን። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ሰው ሁሉ ግን "የድሮውን ዘመን ድምፅ ከየት አመጣሽው?" ይለኛል። ከመርካቶ፣ ከአሮጌ ዕቃ ተራ እላለሁ። ኪቦርዱ እውነትም ከዚያ ነው። ዜማዎቹስ?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

ሳይጠፋኝ ልጻፈው።

ጠዋት አንድ ሰው መጡ። አቶ ኢዶሳ ይባላሉ። ስልሳውን ያለፉ፣ ኮታቸው ያረጀ ግን በደንብ የተተኮሰ። እህታቸው በግንቦት 83፣ ከተማው በተሸበረበት ሳምንት፣ ከቤት ወጥታ በዚያው ቀርታለች። የአባታቸውን ቤት በስማቸው ለማዞር የሷ ፊርማ ያስፈልጋል ተብለዋል። ስለዚህ እንደጠፋች ፍርድ ቤት እንዲወስንላቸው ማመልከቻ ይጻፍልኝ አሉ።

"እናቴ ግን አትፈርምም" አሉኝ። "ትመጣለች ነው የምትለው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ትመጣለች።"

እየተየብኩ አንጎራጉር ነበር፣ ሳላውቀው። ጃንጥላን።

ጃንጥላዬን ረሳሁ ደጃፍህ ላይ ጥዬ፣
ዝናብ ሲጥል እንኳን ታስታውሰኝ ብዬ።

ሁለተኛውን ቤት ጨርሼ ዝም ስል ሰውየው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ከዚያ እንደ ዘፈን ሳይሆን እንደ ወሬ፣ ቀስ ብለው ቀጠሉልኝ።

አሁን ዝናብ ቆመ፣ ጃንጥላው ደረቀ፣
መመለሻው መንገድ ከእግሬ ስር አለቀ።

ያስደነገጠኝ ማወቃቸው አይደለም። "አለቀ" የምትለዋን ቃል ከሳቸው ጋር እኩል ማለቴ ነው። በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን።

"ማን አስተማረሽ?"

"የራሴ ዘፈን ነው፣ ጋሼ።"

"የእህቴ ነው። ከቤታችን ሰው በቀር የሰማው የለም።"

ስሟ ስክሪኑ ላይ ነበር። ራሴ ነኝ የተየብኩት። ሎሚ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23

ሱቅ አልከፈትኩም። ሁለቱን ቤት ዩቲዩብ ላይ ሰምተውት ይሆናል። ሦስተኛውንስ?

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25

አቶ ኢዶሳ ተመልሰው መጡ። ፎቶ ይዘው።

ቀጭን ሴት፣ ፀጉሯን አጭር ተቆርጣ፣ ኦርጋን አጠገብ ቆማለች። ጃኬቷ ትከሻው ሰፊ ነው። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀለሙን ጠየቅኳቸው። "ሰማያዊ" አሉኝ። ቀኝ እጇ ቁልፎቹ ላይ ነው። ግራ እጇን ከጀርባዋ አጥፋዋለች።

እኔም እንደዚያ ነው የምቆመው። ፊራኦል ስንቴ ተቆጥቶኛል... "ሁለት እጅ እያለሽ" እያለ።

ስምንቱን ዘፈኖች ከፈትኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። "የሷ ነው።" "ይሄም የሷ።" ስድስት ጊዜ እንዲህ አሉ። ሁለቱን አላውቃቸውም አሉ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የማስበው ግን፣ እሳቸው አይወቋቸው እንጂ የኔ ስለመሆናቸው ምን ማስረጃ አለኝ?

አልተቆጡኝም። ምንም አልጠየቁኝም። ሊወጡ ሲሉ ነው የነገሩኝ። ጎረቤት በኦርጋኑ ስለተማረረ ሎሚ ለልምምድ ሰንጋ ተራ አንድ ክፍል ተከራይታ ነበር። ከጠፋች በኋላ ሊያዩ ቢሄዱ አከራዩ "ምንም የተወችው ነገር የለም" ብሎ መለሳቸው።

ሰንጋ ተራ። እኔ የተወለድኩት ሰንጋ ተራ ነው። በአንድ ግቢ በምትከራይ አንዲት ክፍል።

እሑድ፣ ሚያዝያ 26

ጀሞ፣ እናቴ ጋ ሄድኩ። ሰንጋ ተራ ሲፈርስ ነው እዚያ የገባችው። ከኛ በፊት ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር? አልኳት።

እናቴ ወይንሀረግ መዋሸት አትችልበትም። ሳህን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች፣ ሳህኑን እንደያዘች ተመለሰች። "ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ ካሴት ነበር። ሕፃን ሆነሽ ያለሱ አትተኚም ነበር። በኋላ ቴፑ በላው።"

በቃ። ይኸው ነው ለካ። በሕፃንነቴ የሰማሁት ነው። አውቶቡስ ውስጥ ቀለል አለኝ። ከዚያ ጃኬቱ ትዝ አለኝ። ካሴት ጃኬት አያሳይም።

ዓርብ፣ ግንቦት 1

የልደታ ንግሥ። መንገዱ ከጠዋት ጀምሮ በነጭ ልብስ ተሞልቷል። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እኔ ጋ ወጣች። ተቀመጪ ብላት እንቢ አለች። በቆመችበት ነገረችኝ።

"ቴፑ አልበላውም። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት።"

ለሷ የሳብኩት ወንበር ላይ እኔው ተቀመጥኩ።

"ካሴቱ መጨረሻ ላይ የጃንጥላው ዘፈን መሀል ላይ ይቆማል። ከሩቅ አንዲት ሴትዮ ትጣራለች። ዘፋኟ 'እማዬ፣ መጣሁ' ትላለች፣ ቀጭ ይልና ይጠፋል። በየቀኑ እንሰማዋለን። ሦስት ዓመት ሲሆንሽ አንድ ቀን ከግቢ ሆኜ ጠራሁሽ። 'እማዬ፣ መጣሁ' አልሽኝ።"

"ታዲያ ልጅ አይደለሁ? የሰማሁትን ነው ያልኩት።"

"በሷ ድምፅ፣ ፀዲዬ። በትልቅ ሰው ድምፅ። ሮጬ ስገባ ብቻሽን ቁጭ ብለሻል። ያንኑ ዕለት ክሩን መዝዤ ከሰል ላይ ጣልኩት።"

ስም አልነበረውም? አልኳት። ነበረው፣ አለች። ሎሚ ይላል። የካሴቱን ባለቤት መፈለግ ነበረብኝ... አለችና ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። የሎሚ እናት በሕይወት እንዳሉ አልነገርኳትም። ዛሬ አልቻልኩም።

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ፊራኦል ስቱዲዮ። ሁሉንም ነገርኩት። ወንበሩን ወደኔ አዞረ። ከዚያ፦

"ካሴቱ ተቃጥሏል። ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። አንቺም ሆን ብለሽ አልሰረቅሽም።"

"እኔ አውቃለሁ።"

"ስድስቱን በሷ ስም ካደረግሽ አንቺ ምን ቀረሽ? ሰው ምን ይልሻል?"

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። እውነቱን ነው፤ ምን ቀረኝ? ስድስት ዓመት ሰው ያጨበጨበው ለማን ነበር?

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

አቶ ኢዶሳ ደወሉ። ጃንጥላን ቤት ውስጥ በስልካቸው ሲሰሙ እናታቸው ከመኝታ ቤት ሰምተውታል። "ሎሚ ደወለች፣ ስልኩን አምጡልኝ" ብለው ሦስት ቀን ሙሉ አላስቀምጥ ብለዋል። "አንዴ ብቻ መጥተሽ ንገሪያት" አሉኝ። "ዘፋኟ እኔ ነኝ በያት። ካንቺ ከሰማች ታምናለች።"

ቅዳሜ እመጣለሁ አልኩ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ጃኬቱን አልለበስኩም። ሹራብና ቀሚስ። የምለውን በወረቀት ጽፌ ሸመደድኩት። *እማማ፣ ስሜ ፀዲ ይባላል። የልጅዎን ዘፈን ከካሴት ነው የተማርኩት።*

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስኩ። ቤቱ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው። እማማ ዲንቄ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ሰላም አልኳቸው፣ እጄን ይዘው ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሱ። "ተጫወቺ" አሉኝ። ትንሿን ኪቦርዴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጃንጥላን ተጫወትኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስቱንም ቤት።

ስጨርስ እጄን ከቁልፎቹ አነሳሁ።

"ሎሚ" አሉ።

አሁን ነው፣ ብዬ አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ቀደሙኝ። ድምፃቸው ዕቃ የት እንዳለ እንደሚጠይቅ ሰው የተረጋጋ ነበር።

"ሞተሻል አይደል?"

*እማማ፣ ስሜ ፀዲ ይባላል።* ይህንን ነበር የምለው። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

"አዎ፣ እማዬ።"

አቶ ኢዶሳ ወለሉን ያያሉ።

"መቼ?"

"ያኔውኑ። እዚያው ሳምንት።"

"አመመሽ?"

"ብዙም አላመመኝም።"

ከየት አመጣሁት? ማን ነገረኝ? እኔ እኮ ሎሚ ምን እንደሆነች አላውቅም። ማንም አያውቅም።

እማማ ዲንቄ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነጠላቸውን አወለቁ፣ በእጃቸው ጥለቱን ፈለጉ፣ አዘቅዝቀው ለበሱ። ለልጃቸው "ለእድሩ ንገር" አሉ። "ልጄ ሞታለች።"

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ሦስተኛው ቀን። የእድሩ ዳኛ መጀመሪያ አመንትተው ነበር፤ አስከሬን የለ፣ ሠላሳ አራት ዓመት አልፏል። በኋላ ግን ድንኳኑ ተተከለ። የልጅነት ጓደኞቿ መጡ፣ ሁሉም ፀጉራቸው የሸበተ። ፎቶዋ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ሰው እየመጣ እኔንም "እግዜር ያጥናሽ" ይለኛል። አሜን እላለሁ። እናቴም ነግሬያት ከጀሞ መጣች። እማማ ዲንቄ እግር ስር ተደፍታ ካሴቱን ነገረቻቸው። ምን እንዳሏት አልሰማሁም። ብቻ ቀና አድርገው አጠገባቸው አስቀመጧት።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሳሳ ሲል "ፀዲ፣ ውሃ አቀብዪኝ" አሉኝ።

በስሜ። በራሴ ስም።

ብርጭቆውን ይዤ ቆምኩ። "እማማ... ያን ቀን እኔ መሆኔን ያውቁ ነበር?"

"እጅሽን ስይዘው አወቅኩ። የልጄን እጅ አጣዋለሁ እንዴ? ድምፅሽም የሷ አይደለም።"

"ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?"

ውሃውን ጠጡ። ብርጭቆውን መለሱልኝ።

"አንቺን መች ጠየቅኩ?"

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

አቶ ኢዶሳ ሱቅ መጡ። ማመልከቻው ላይ እናታቸው ፈርመዋል፣ አሻራ ሳይሆን በጽሕፈት። ሁለት ገጽ አተምኩላቸው። ስድስቱን ዘፈኖች በሎሚ ስም እንደማወጣ ነገርኳቸው። "ስምሽንም አብረሽ ጻፊው፤ አንቺ ባትኖሪ ማን ይሰማት ነበር" አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

አልበሙ ወጣ። ስድስቱ፦ ግጥምና ዜማ ሎሚ። ፖስተሩን አስቀየርኩ፣ ፎቶዋ ከፎቶዬ ጎን ሆነ። ፊራኦል አኮረፈ፣ ግን የሌሊት ልብሱን እንኳን ሳይቀይር ሙሉ ቀን ስልክ ሲመልስ ዋለ። አንዳንዱ ሌባ አለኝ። አንዳንዱ አለቀሰ። ትልልቅ ሰዎች ስለ ሎሚ ብቻ ይጠይቃሉ። መድረክ ላይ ስወጣ ግራ እጄ የት እንደሚሄድ ጠፋኝ። ሁለቱንም ቁልፎቹ ላይ አሳረፍኳቸው። ተሳሳትኩ፣ ሁለት ጊዜ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 25

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቆመም። የምሳ ሰዓት። ትንሿን ኪቦርድ አወጣሁ፣ እጄን አሳረፍኩ፣ አዳመጥኩ።

ምንም የለም።

ከልቅሶው ወዲህ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ድካም መስሎኝ ነበር። አይደለም። ሰው ወጥቶ የሄደበት ክፍል አለ አይደል? የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ድምፅ፣ የቆርቆሮው ዝናብ፣ የራሴ ትንፋሽ። ለካ ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ሰው አጠገቤ ነበር... ፈርቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ ነው የፈራሁት።

ያም ሆኖ እጄን አላነሳሁም። አንድ ቁልፍ ተጫንኩ። ሌላ። ያስጠላል። ደገምኩት፣ ትንሽ ተሻለ። አንዲት ባለጉዳይ በር ላይ ቆማ "አትሠሩም?" እስክትል ድረስ አራት ኖታ አገኘሁ። አራት ብቻ።

አስር ሰዓት ላይ አራቱን ኖታ ቀድቼ ለፊራኦል ላኩለት። ወዲያው ደወለ።

"ይሄ ምንድነው? አንቺን አይመስልም።"

"ማንን ይመስላል?"

አሰበ። "ማንንም።"

ርዕሱን ምን ብዬ ላስቀምጠው? አለኝ። ፀዲ በለው አልኩት።