የብስክሌትሽ አዲስ ባለቤት

ባሕር ዳር፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ ልጄ ኢኽላስ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ጅማ እንዴት ይዛሻለች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በወረቀት የመጣሁብሽ፣ አባትሽ ገና ሁለት ቃል ሳልናገር ስልኩን ስለሚቀማኝ ነው።

ባለፈው ደውለሽ፣ «እማ፣ ፈተናውን ከወደቅሁ ወዲህ ደብተር መግለጥ ያስፈራኛል። ልቤ እስኪረጋ ቤት ልምጣ» ስትዪኝ ነይ ያላልሁሽ ጨክኜ አይደለም። እንዲያውም የዚያኑ ቀን አልጋሽን አንጥፌ ነበር። ግን ምን ብዬ ልምከርሽ? ትተሽው በሄድሽው ብስክሌት ከከተማ ወጣ ብላ ሰባታሚት ያለችው አክስትሽ ቤት ድረስ እነዳለሁ ብዬ ፎክሬ፣ ከሱቃችን በር ሳልርቅ ቀሚሴ ካቴናው ውስጥ ገብቶ በገበያተኛው ፊት የተዘረርሁ ሴት ነኝ። ጨርቅ ሻጯ በገዛ ጨርቋ ስትጠለፍ ያዩ ጎረቤቶቻችን እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ብስክሌቱን ባየሁ ቁጥር ፊቴ ይግላል፤ ሀፍረቱ ሲለቀኝ እሞክራለሁ እያልሁ ክረምቱ አለፈ።

ካንቺ ስልክ በኋላ በራሴ ተናደድሁ። እኔ ሳልጨርስ አንቺን ጨርሺ ለማለት አፈርሁ። ቀሚሴን በላስቲክ አስሬ ወጣሁ። ንዴቱ ግን እስከ ፔዳ ሰፈር እንኳ አላደረሰኝም፤ ፍርሃት ያዘኝና ወረድሁ። ልመለስ ስል፣ «እሺ፣ ፍሪ፤ ግን እየገፋሽው ሂጂ» አልሁ ለራሴ። እየፈራሁ ገፋሁ። መንገዱ ጭር ሲል እየፈራሁ ወጣሁበት። ሰባታሚት ስቃረብ ግን ብቻዬን እየሳቅሁ ነበር፤ ፍርሃቱ የት ላይ እንደወረደ እንጃ። ስንት ወር ቤት ቁጭ ብዬ ይለቀኛል ስል የኖርሁት እሱ ለካ መንገድ ላይ ነው የሚለቀው!

አክስትሽ እልልታውን አቀለጠችው። ከኋላዬ ባጃጅ ቆመ፤ አባትሽ ወረደ።

«ሰላህ! አንተ ደግሞ ከየት መጣህ?»

«ትወድቂያለሽ ብዬ እኮ ነው» አለ። ተቀምጦ የመጣው ሰውዬ ከእኔ በላይ አልቦት ነበር።

እና ልጄ፣ እየፈራሽም ቢሆን ደብተሩን ግለጪው። አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው፤ ማታ ማታ ገብቼ አንሶላውን አስተካክላለሁ። ትምህርቱ ሲዘጋ ትተኚበታለሽ። አላህ ልብሽን ያስፋልሽ፣ የከበደሽን ያግራልሽ።

ከመናኸሪያ የምቀበልሽ እኔ ነኝ፤ ከኋላዬ ትቀመጫለሽ። ብስክሌቱን ግን እርሺው፣ አልመልስም።

እናትሽ ዘይነት