ባዶውን አይቶ ሙሉውን ስለማያየው በር

ለክቡር የማዕከላዊ መድኃኒት መጋዘን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በስክሪን ላይ ስለሌሉ፣ በመደርደሪያ ላይ ግን ስላሉ ሠላሳ ስድስት ካርቶኖች

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም ኩላሊትዎን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ፤ ኩላሊትን ለይቼ ማንሳቴ ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ወደ ታች ሲወርዱ ይረዱልኛል። እኔ በመጋዘንዎ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዕቃ ሳስገባና ሳስወጣ የኖርሁ፣ ካለፉት አሥር ቀናት ወዲህ ደግሞ በክቡር ፊርማዎ ታግጄ ቤቴ የተቀመጥሁ የመጋዘን ሠራተኛ ነኝ። ጥፋቴ በእግድ ደብዳቤው ላይ «በመጋዘኑ የሌለ ዕቃ ያለፈቃድ በማውጣት» ተብሎ ተገልጿል። ደብዳቤውን ሰባት ጊዜ አነበብሁት። የሌለ ዕቃ ማውጣት የቻለ ሰው ሊሾም እንጂ ሊታገድ አይገባውም ነበር ብል ድፍረት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ።

ስለዚህ ምስጋናዬን ብቻ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ አዲሱ በር አመሰግናለሁ። ከመተከሉ በፊት እኛ ኋላ ቀሮቹ ካርቶን በገባ ቁጥር ምሰሶው ላይ በጠመኔ እየጫርን፣ አምስት አምስቱን እያሰርን፣ ከሥራ መውጫ ላይ ወደ ዕቃ መቆጣጠሪያው ወረቀት፣ ወደ ቢን ካርድ፣ እንገለብጥ ነበር። አሁን በየካርቶኑ ላይ የተለጠፈው ስስ ምልክት በበሩ ሲያልፍ በሬዲዮ ሞገድ ይነበባል፣ ከፋብሪካ እስከ ሆስፒታል ያለው የአቅርቦት ሰንሰለትም በእርስዎ ስክሪን ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል ተባልን። ለእኛም በየመታወቂያችን ላይ አንዳንድ ምልክት ተለጠፈልን። ምሰሶው ነጭ ቀለም ተቀባ፣ ጠመኔ ይዞ የተገኘ እንደሚቀጣም ማስታወቂያ ወጣ። እውነቱን ለመናገር የክኒን ካርቶን ሲሆን በሩ ከእኛ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይቆጥራል።

፪. ስለ ምረቃው ቀን አመሰግናለሁ። እንግዶች እንዲያዩት ሁለት መቶ ካርቶን በበሩ እንዲያልፍ ታዘዘ፤ አዲስ ቱታ የለበሱት ጫኝና አውራጆች በእንግዶች ፊት እንዳያልባቸውም ካርቶኖቹ ባዶ እንዲሆኑ ኮሚቴው ወሰነ። በሩ ሁለት መቶውንም አንድ ሳያስቀር አነበበ፣ ተጨበጨበ፣ የርክክቡ ሰነድ እዚያው ተፈረመ። ፈሳሽ የሬዲዮ ሞገድን እንደሚውጥ፣ በዚህም የተነሳ ፈሳሽ በሞላው ካርቶን ላይ የተለጠፈ ምልክት ላይነበብ እንደሚችል በሩን የገጠመው ባለሙያ ቀድሞ ነግሮን ነበር። ምልክቱን ከፈሳሹ እንድታርቅ ከሥሩ ጣት የምታህል ስፖንጅ ትደረግበት ብሎም ለምኖ ነበር። ስፖንጅ በግዢ ዝርዝሩ ውስጥ ስላልነበረ ልመናው ጆሮ ዳባ ልበስ ተባለ። ባዶ ካርቶን በቆሻሻ ጋሪ ሲወጣ ግን በሩ እስከ ዛሬ አንድም አምልጦት አያውቅም።

፫. ወደ ካርቶኖቹ ልምጣ። የኩላሊት እጥበት ፈሳሽ የያዙ አርባ ካርቶኖች መጡ፣ ተሸክመን መደርደሪያ ሦስት ላይ ደረደርናቸው። በሩ ዝም። ስክሪኑ ዜሮ። ለቁጥጥር ክፍል ባመለክት ያልተነበበ ዕቃ እንዳልገባ ይቆጠራል፣ ያልገባ ዕቃም አይወጣም የሚለውን መመሪያ አውጥተው አስነበቡኝ።

ታናሽ እህቴ ከመጋዘናችን መድኃኒት በሚወስደው ሆስፒታል የኩላሊት እጥበት ክፍል ነርስ ናት፤ ስድስት ሕመምተኞች አሏት። በዚያ ሳምንት በየቀኑ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ እነሱ የለም ይሉኛል፣ አንተ አለ ትለኛለህ፤ ማንን ልመን?» ስትለኝ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገውና፣ አንድ እጄ ካርቶኑ ላይ ነበር። ከሕመምተኞቿ አንዷ ልብስ ሰፊ ናት። በሳምንት ሦስት ቀን መታጠብ ሲገባት ወደ አንድ ቀን ተቀንሶባት፣ እግሯ አብጦ ጫማዋን በእጇ ይዛ እንደመጣች እህቴ ነገረችኝ። መመሪያውን አጣጥፌ ኪሴ ከተትሁና አራት ካርቶን አንድ በአንድ በትከሻዬ ተሸክሜ አወጣሁ። በሩ አሁንም ዝም። ጥበቃው ግን ሰው ነውና አየኝ፤ መዝገቡ ላይ ጻፈ፣ እኔም ሳልደብቅ ፈረምሁለት።

፬. አጣሪ ኮሚቴውን አመሰግናለሁ። ቢሮው ከመደርደሪያ ሦስት ሃምሳ እርምጃ ቢርቅ ነው፤ እነሱ ግን ስክሪኑን አይተው ዕቃው በመጋዘኑ የለም ብለው ወሰኑ፣ የጥበቃውን መዝገብ አይተው ደግሞ አውጥቷል ብለው ወሰኑ፤ ሁለቱንም በአንድ ቃለ ጉባኤ። ገብታችሁ ብታዩትስ ብላቸው ማየት ከአሠራሩ ውጪ መሆኑን በትሕትና አስረዱኝ።

ክቡር ሆይ፣ ለእህቴ ያደረስኋቸው አራቱ ካርቶኖች እያለቁ ነው። እህቴ ዛሬ ጠዋት እንደነገረችኝ የቀራቸው የሁለት ቀን ብቻ ነው። ሠላሳ ስድስቱ ግን እስካሁን መደርደሪያ ሦስት ላይ ተቀምጠዋል። የምለምንዎ ከወንበርዎ ተነስተው ሃምሳ እርምጃ እንዲራመዱና በእጅዎ እንዲነኳቸው ነው። እኔን ካሻዎ ዓመት ያግዱኝ፤ ካርቶኖቹን ግን አያግዷቸው፤ ተናድጃለሁ፣ ፈርቻለሁም።

ለስክሪንዎ የማይጠፋ መብራት፣ ለእግርዎም የሃምሳ እርምጃ ብርታት እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ታዛዥዎ፣
የሌለ ዕቃ አውጪው

ማስታወሻ፦ የእግድ ደብዳቤዎን በተቀበልሁ ዕለት ጋዋኔን በሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ሰቅዬው ወጥቻለሁ፤ መታወቂያዬም ከነምልክቱ ኪሱ ውስጥ ነው። ትናንት የሰው ኃይል ክፍል በስልኬ በላከው መልእክት አሥሩን ቀን ሙሉ፣ ቅዳሜና እሑድ እንኳ ሳይቀር፣ ከሥራ ገበታዬ ባለመለየቴ አመስግኖኛል። እንግዲህ እኔን ማመን ከከበደዎ ስክሪንዎ በሩ ላይ ቆሟል የሚልዎትን ያንን ትጉህ ሠራተኛ ይዘዙት፤ ሠላሳ ስድስቱን ካርቶን እሱ ያውጣቸው። እህቴ ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች።